ከልጆች ጋር ሁለት ሌሊት በባህር ዳርቻ፦ ከዕቃው በፊት ሰዓቱ

ጥያቄው፦ «እኔና ባለቤቴ ሦስት ልጆቻችንን ይዘን ባህር ዳርቻ ላይ በድንኳን ሁለት ሌሊት ልናድር አስበናል። ልጆቹ የ9፣ የ6 እና የ2 ዓመት ናቸው። ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክለን አድረን እናውቃለን፤ ባህር ዳርቻ ግን የመጀመሪያችን ነው። ትልቁ ትንሽ ትንሽ ይዋኛል፣ ሁለቱ አይችሉም። ምን ምን ዕቃ እንያዝ? በጣም መጠንቀቅ ያለብንስ ከምንድን ነው?»

ምላሽ፦ ሁለት ሌሊት ማለትዎ ደስ ብሎኛል። አንድ ሌሊት ብቻ ሲሆን ጉዞው ድንኳን ተክሎ መንቀል ሆኖ ያልቃል። በሁለት ሌሊት ግን መሃል ላይ አንድ ሙሉ ቀን ይገኛል። ልጆቹ ሲያወሩት የሚከርሙት እሱን ቀን ነው።

የዕቃውን ነገር እመለስበታለሁ። ከእሱ በፊት ግን ሰዓት ይቀድማል። ጫካ ውስጥ የተከሉት ድንኳን ጠዋትም ማታም በዚያው መሬት ላይ ነው። ባህር ዳርቻ ላይ መሬቱ ራሱ በቀን ውስጥ ይሰፋል፣ ይጠባል። ነፋሱ ረፋድ ላይ ተነስቶ ከሰዓት ይበረታል፤ ሲመሽ አቅጣጫ ይቀይራል። ፀሐዩም ከላይ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ካምፒንግ የለመዱ ቤተሰቦች ባህር ዳርቻ ላይ ሲቸገሩ ብዙ ጊዜ አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የጎደላቸው ዕቃ አይደለም። ትክክለኛውን ነገር ባልሆነ ሰዓት ነው የሚሠሩት።

ከውሃው እንጀምር። በአብዛኛው የዓለም ዳርቻ ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከሞላ፣ ነገ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው የሚሞላው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መስመር ሆነው ውሃውን ስለሚስቡት ሙላቱ ከወትሮው ከፍ ይላል፣ ሽሽቱም ይርቃል። በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ልዩነቱ ይጠባል። ቀን የመምረጥ ዕድል ካለዎት ለመጀመሪያ ጉዞ የግማሽ ጨረቃን ሰሞን ይምረጡ። ባህሩ ያን ያህል አይንቀዋለልም።

ልዩነቱ ከቦታ ቦታ የትየለሌ ነው። በካናዳ የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ በሙላትና በሽሽት መካከል እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። ሜዲትራንያን ላይ ደግሞ ብዙ ቦታ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «እኛ የምናውቀው ባህር እንዲህ አያደርግም» ብሎ ነገር የለም። ለሚሄዱበት ለዚያው ቦታ የወጣውን የሙላት ሰንጠረዥ ይፈልጉ። የአየር ሁኔታ መተግበሪያዎች ላይ ይገኛል፤ የወደብና የካምፕ ጽሕፈት ቤቶችም ይለጥፉታል። የሦስቱን ቀን ሰዓቶች በወረቀት ይጻፉና የምግብ ሳጥኑ ክዳን ላይ ይለጥፉት። ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ አሸዋ ይገባበታል። ወረቀቱን ደግሞ የ9 ዓመቱ ልጅም ያነበዋል። እንዲያውም «የሰዓት ኃላፊ» ቢያደርጉት ደስ ይለዋል።

ዳርቻው ላይ ሲደርሱ ዕቃ ሳያወርዱ በፊት በእግርዎ ይዙሩ። አሸዋው ላይ የባህር አረም፣ የዛጎል ስባሪ፣ ስንጥርጥር እንጨት ተደርድሮ የተሠራ መስመር ያያሉ። የመጨረሻው ሙላት እዚያ ድረስ መጥቶ ነበር ማለት ነው። ቀረብ ብለው ይዩት። አረሙ እርጥብ ከሆነ፣ ሲያነሱት ትናንሽ ነፍሳት ከሥሩ እየዘለሉ ከወጡ፣ የትናንት ወይም የዛሬ ነው። አሁን ዓይንዎን ከዚያ ከፍ ያድርጉ። ብዙ ጊዜ ሌላ መስመር አለ። አረሙ ደርቆ ጠቁሯል፤ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል፤ ነፋስ ግማሹን አሸዋ አልብሶታል። ይህኛው የትልቁ ሙላት ወይም የአንድ ማዕበል ምልክት ነው። ብዙ ሰው በታችኛው መስመር ይታለላል። የእርስዎ ድንኳን ከላይኛው መስመር በላይ መሆን አለበት፤ ያውም በደንብ በላይ።

ከላይ ሲባል ግን የትም አይደለም። ሣር የበቀለበትን የአሸዋ ክምር ይተዉት። አሸዋውን አንቆ የያዘው የዚያ ሣር ሥር ነው። ተረግጦ ሲሞት ክምሩ ይፈርሳል፤ ከኋላው ያለውን መሬት ከማዕበል የሚጠብቀውም እሱ ነው። ከገደል ሥር አይትከሉ፦ ድንጋይ ይወርዳል፣ ውሃው ሲሞላም መውጫ ይዘጋል። የደረቀ የወንዝ መውረጃ ላይም አይትከሉ። ዝናቡ እርስዎ ዘንድ ሳይዘንብ፣ ከሩቅ ተራራ የወረደ ጎርፍ በሌሊት ሊመጣ ይችላል።

የ2 ዓመት ልጅ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ምክር አለኝ። መጸዳጃ ቤትና ንጹሕ ውሃ ያለው፣ ነፍስ አድን ዋናተኞች ካሉበት ዳርቻ አጠገብ የሚገኝ መደበኛ የካምፕ ቦታ ይምረጡ። ሰው የሌለበት ዳርቻ በፎቶ ያምራል። ልጆቹ ከፍ ሲሉ ይደርሱበታል። ደግሞ ብዙ ዳርቻዎች ላይ ማደር ክልክል ነው ወይም ፈቃድ ይጠይቃል፤ እሳት የማንደድ ሕጉም ይለያያል። አስቀድመው ይደውሉና ይጠይቁ።

ሁለተኛው ሰዓት የነፋሱ ነው። ቀን ላይ የብሱ ከባህሩ ቶሎ ይሞቃል። በላዩ ያለው አየር ሞቆ ሲነሳ፣ ቀዝቃዛው የባህር አየር ቦታውን ሊይዝ ይገባል። ለዚህ ነው ነፋሱ ረፋድ ላይ ተነስቶ ከሰዓት በኋላ የሚበረታው። ሲመሽ የብሱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ነፋሱም ተገልብጦ ከየብስ ወደ ባህር ይነፍሳል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ቀላል ነው። ድንኳንዎን ጠዋት ይትከሉ። ካልሆነም ነፋሱ እስኪበርድ ጠብቀው አመሻሽ ላይ፣ ገና ብርሃን ሳለ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ደርሰው፣ ልጆቹ ርቧቸው፣ ሸራው እንደ ሸራ ጀልባ እየተነፋ ለመትከል መታገል ጉዞውን ከመነሻው ያበላሸዋል። እንዲህ ባለ ሰዓት ከደረሱ ድንኳኑን ይተዉት። ጥላ ሠርተው ይብሉ፣ ይረፉ፣ ኋላ ይትከሉ። የድንኳኑ በር ከነፋሱ ተቃራኒ ይሁን፤ ዝቅተኛውና ጠባቡ ጎኑ ወደ ነፋሱ ይዙር።

አሁን ወደ ካስማው። ከጫካ የመጣ ሰውን በጣም የሚያሳስተው ይህ ነው። ተራው ቀጭን ካስማ አሸዋ ውስጥ ሲገባ የቆመ ይመስላል። ነፋሱ ገመዱን አንዴ ሲወጥረው ግን ሹልክ ብሎ ይወጣል። ረጅምና ሰፊ የአሸዋ ካስማ ይሸጣል፤ ካገኙ ይግዙ። ካላገኙም አይጨነቁ። ለእያንዳንዱ ገመድ አንድ ጠንካራ የጨርቅ ከረጢት ይያዙ። አሸዋ ይሙሉትና አፉን በድንኳኑ ገመድ አጥብቀው ይሰሩ። 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆፍሩ፤ ክንድዎ እስከ ክርኑ ቢገባ ይበቃል። ከረጢቱን እዚያ ያጋድሙት፣ አሸዋውን ይመልሱበት፣ በእግርዎ ይርገጡት፣ ከላይ የባህር ውሃ ያፍሱበት። እርጥብ አሸዋ እርስ በርሱ ይያያዛል። ገመዱ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ በዝቅተኛ ማዕዘን ይወጠር፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚሳብ ከሆነ የቀበሩትን መልሶ ያወጣዋል። ሲጨርሱ በሁለት እጅዎ ሙሉ ኃይልዎን አሳርፈው ይሳቡት። ንቅንቅ ካለ እንደገና ይቅበሩት። ከረጢት ካጠረዎት የክንድ ርዝመት ያለው ወፍራም እንጨት መሃሉ ላይ ገመድ አስሮ አግድም መቅበርም ይሠራል። ገመዶቹ ላይ ደማቅ ጨርቅ ይንጠልጠልባቸው፤ የ6 ዓመት ልጅ ሲሮጥ ገመድ አያይም።

ይህን ሁሉ አሸዋ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አይሞክሩት። ድንኳኑን ከጉዞው በፊት አንድ ጊዜ ደጅዎ ላይ ይትከሉት። የጎደለ ምሰሶ ካለ እዚያው ይታወቃል።

ሦስተኛው የፀሐይ ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደረቅ የባህር አሸዋ ከሚያርፍበት የአልትራቫዮሌት ጨረር (ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር) 15 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል፤ የባህር አረፋ ደግሞ 25 በመቶ ያህሉን። ስስ ደመና ብዙም አያስቆመውም። ስለዚህ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሕፃንም ይቃጠላል፤ ደመና ሆኖ የዋለ ቀንም ያቃጥላል። ቀኑን እንዲህ ይክፈሉት፦ ጠዋት ከቁርስ እስከ 4 ሰዓት ባህር፣ ከዚያ እስከ ቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ጥላ፣ ምሳ፣ እንቅልፍ፣ ተረት፣ ከዚያ እንደገና ባህር። የ2 ዓመቱ ልጅ የቀን እንቅልፉን ካጣ ማታ ማንም አያርፍም። ግን ቀን ላይ ድንኳን ውስጥ አያስተኙት። የተዘጋ ድንኳን በፀሐይ እንደ ምድጃ ይግላል። ሁለት ጎኑ የተከፈተ፣ አየር የሚያሳልፍ የሸራ ጥላ ለብቻው ይዘጋጅ። ይህ ጥላ ቅንጦት አይደለም፤ ከድንኳኑ እኩል ያስፈልጋል። እጅጌ ያለው የዋና ልብስና አንገት የሚሸፍን ባርኔጣ ከፀሐይ መከላከያ ቅባት (ሰንስክሪን) ይልቅ ያስተማምናል፤ ልብስ እንደ ቅባት በውሃ ታጥቦ አይለቅም፣ አይረሳም። ሰንስክሪኑ በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥር ይደገም። የእግር ጣቶችን ጀርባና የጆሮን ጫፍ አይርሱ።

አሁን ደግሞ «በጣም መጠንቀቅ ያለብን» ወዳሉት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰው በመስጠም ሞቷል ይላል፤ ወደ ሩብ የሚጠጋው ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ነው። የሚሰጥም ልጅ አይጮህም። አፉ ከውሃው በላይ የሚቆየው ለትንፋሽ ብቻ ነው፤ ለጩኸት ጊዜ የለውም። እጁንም አያውለበልብም፤ ውሃውን ወደ ታች ለመጫን ይሞክራል። ከሩቅ ሲያዩት የሚጫወት ይመስላል። ስለዚህ «እሰማዋለሁ» የሚባል ጥበቃ የለም።

የእርስዎን ሁኔታ እንቁጠረው። ሁለት ወላጅ፣ ሦስት ልጅ፣ ከሦስቱ ሁለቱ የማይዋኙ። የ2 ዓመቱ ከውሃው አጠገብ ሲሆን አንድ ሰው ለእሱ ብቻ ያስፈልገዋል፤ እጅ ዘርግቶ የሚይዘው ያህል ቅርብ። ሁለቱ ትልልቆች ውሃ የሚገቡት ሌላው ወላጅ አብሯቸው ውሃው ውስጥ ከቆመ ብቻ ነው። ይህ ማለት አንዳችሁ ምሳ እየሠራችሁ ወይም መጸዳጃ ቤት ሄዳችሁ ከሆነ ማንም ልጅ ውሃ ውስጥ አይገባም። «አንድ ደቂቃ ነው» አይሠራም። ይህን ሕግ ለልጆቹ ከቤት ሳትወጡ ንገሯቸው፤ እዚያ ደርሶ መከራከር አይቻልም።

ጥበቃው በተራ ይሁን፤ ተራውም በቃል ይተላለፍ። ተረኛው ፊሽካ አንገቱ ላይ ያደርጋል፣ ስልኩን ያስቀምጣል። ተራው ሲያልቅ ፊሽካውን አውልቆ «ያንተ ነው» ይላል፤ ሌላው «ተቀብያለሁ» ይላል። ትንሽ የሚያሳፍር ሊመስል ይችላል፤ ግን ብዙ አደጋ የሚደርሰው እናት አባት ያየዋል፣ አባት እናት ታየዋለች ብለው ሁለቱም ዓይናቸውን ባነሱበት ሰዓት ነው። እንግዳ ሰው ተጨምሮ ቁጥሩ ሲበዛ ደግሞ ይብሳል፤ ሁሉም ሌላው ያያል ይላል።

ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) ለሁለቱ ትንንሾች ግዴታ ነው፤ ለትልቁም ይኑረው። ልክ መሆኑን ለማወቅ አልብሰው ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት። አገጩና ጆሮው ድረስ ከመጣ ሰፍቷል። ለ2 ዓመቱ በእግሮቹ መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይሁን። በአየር የሚነፉ ክንድ ማሰሪያዎችና የዋና ቀለበቶች መጫወቻ ናቸው እንጂ ነፍስ አያድኑም። በአየር የተነፋ ፍራሽማ ጠዋት ነፋሱ ገና ከየብስ ወደ ባህር ሲነፍስ ልጅ ይዞ ሲርቅ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው የሚፈጅበት። ቤት ይቅር። የዋና ልብሳቸው ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ቢጫ ይሁን። ሰማያዊና ነጭ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይጠፋል።

ቦታው ላይ ነፍስ አድኖች ካሉ ብዙ አገሮች ውስጥ ቀይና ቢጫ ባንዲራ ይተክላሉ፤ በሁለቱ መሃል ብቻ ይዋኙ። ቀይ ባንዲራ አደገኛ ነው ማለት ነው፤ ሁለት ቀይ ሲሆን ባህሩ ተዘግቷል። ባንዲራው ከቦታ ቦታ ሊለያይ ስለሚችል መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ ያንብቡ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሲደርሱ ነፍስ አድኑን ሄዶ ማናገር ነው። «ለልጆች ዛሬ የትኛው ጋ ይሻላል?» ይበሉት። ዛሬ የሚለውን ቃል አይተዉት፤ የባህሩ ወለል ይቀያየራል።

ሪፕ ከረንት የሚባለውን ሳቢ ጅረት ማወቅ አለብዎት። ሞገዶች ወደ ዳርቻው የሚገፉት ውሃ መመለሻ ይፈልጋል። አሸዋው ውስጥ ጠለቅ ያለ መተላለፊያ ካገኘ በዚያ ተሰብስቦ ወደ ጥልቁ ይመለሳል። ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ 2.5 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን የኦሎምፒክ ዋናተኛ እንኳ አይረታውም። አሳሳች የሚያደርገው መልኩ ነው። ግራና ቀኙ ሞገድ እየተሰበረ ነጭ አረፋ ሲሆን፣ እሱ ያለበት ረድፍ ጸጥ ብሎ ጠቆር ይላል። ወላጆች ደግሞ ለልጅ ጸጥ ያለውን ነው የሚመርጡት። ከመግባትዎ በፊት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆመው ለአሥር ደቂቃ ይመልከቱ። ሞገድ የማይሰበርበት ክፍተት፣ አረፋ ወይም አረም ወደ ውስጥ የሚጓዝበት ረድፍ፣ አሸዋ ያደፈረሰው ውሃ ካዩ ያንን ቦታ ይራቁ።

ከያዘዎት ወደ ዳርቻው ቀጥታ ለመዋኘት አይታገሉ፤ የሚገድለው ድካሙ ነው። ጅረቱ ያርቃል እንጂ ወደ ታች አያሰምጥም። ተንሳፍፈው ትንፋሽዎን ይሰብስቡ፣ አንድ እጅ ያንሱ፣ ይጣሩ። ከቻሉ ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኙ ከጅረቱ ይውጡና ሞገድ በሚሰበርበት በኩል ይመለሱ። ለ9 ዓመቱ ልጅ ሦስት ነገር ያስተምሩት፦ ተንሳፈፍ፣ እጅህን አንሳ፣ ጥራኝ። ሌላ ሰው ሲወሰድ ካዩ ደግሞ ባዶ እጅዎን አይግቡ። ለማዳን ገብተው የሚሞቱ ብዙ ናቸው። ነፍስ አድን ይጥሩ፤ የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውሩለት፤ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጄሪካን እንኳ ሰው ያንሳፍፋል።

ሰው የማይጠረጥረው አንድ ሌላ አደጋ ደረቁ አሸዋ ላይ አለ። ልጆች ጉድጓድ መቆፈር ይወዳሉ። ጥልቅ የአሸዋ ጉድጓድ ሳይታሰብ ይደረመሳል፤ ውስጡ ያለን ልጅ ደፍኖ ትንፋሽ ያሳጣል። የቀበረው አሸዋ በተቆፈረ ቁጥር ተመልሶ ስለሚናድ ማውጣቱም ከባድ ነው። መለኪያው ይህ ይሁን፦ ጉድጓዱ ከቆፋሪዎቹ መሃል ከትንሹ ልጅ ጉልበት አይለፍ። ዋሻ መሥራት ፈጽሞ ክልክል። ሲጨርሱ ይሙሉት፤ በጨለማ የሚሄድ ሰው እግሩን ይሰብራል፣ በሌሊት እንቁላል ልትጥል የምትወጣ የባህር ኤሊም ትወድቅበታለች።

ኤሊ ካነሳን፣ የሚሄዱበት ዳርቻ ኤሊዎች የሚፈለፈሉበት ከሆነ በዚያ ወቅት ነጭ መብራት ወደ አሸዋው አያብሩ። ጫጩቶቹ ከጉድጓዱ ሲወጡ ባህሩን የሚያገኙት በሰማዩ ብርሃን ነው፤ የእጅ ባትሪ ያሳስታቸዋል። ቀይ መብራት ይሻላል። ለልጆችዎ እንዲህ ያለ ሌሊት የሚገኘው ስንት ጊዜ ነው? ዝም ብለው ከሩቅ ይዩ።

ጄሊፊሽ (ሰውነቱ ለስላሳ የሆነ፣ የሚነድፍ የባህር እንስሳ) ቢነድፍ ቦታው በባህር ውሃ ይታጠብ፤ በንጹሕ ውሃ አይሁን። የተጣበቀውን ጭራ በወረንጦ ያንሱ፣ አይሹት። ከዚያ ሙቅ ውሃ ውስጥ፣ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ፣ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይቆይ። ሙቀቱን ቀድመው በራስዎ እጅ ይሞክሩት፤ የልጅ ቆዳ ቶሎ ይቃጠላል። ሽንት ይጠቅማል የሚባለው ወሬ ነው። ኮምጣጤ ለአንዳንዱ ዓይነት ይረዳል፣ ሌላውን ያባብሳል፤ ስለዚህ እዚያ ያለውን ነፍስ አድን ይጠይቁ። የመተንፈስ ችግር፣ ትውከት ወይም የፊት ማበጥ ከመጣ ግን ወደ ሕክምና መሮጥ ነው።

ስለ ምግብ አላረዝምም። ቀላል ይሁን፣ ግማሹ ከቤት ተበስሎ ይሂድ፣ የመጀመሪያው ማታ ምንም ምድጃ ሳይነካ የሚበላ ይሁን። ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ከማቀዝቀዣ ከወጣ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ከ1 ሰዓት በላይ። የውሃ ጠርሙሶችን አቀዝቅዘው በረዶ አድርገው አይስ ቦክሱ ውስጥ ይደርድሩ፤ ሲቀልጡ ይጠጣሉ። መጠጥና ምግብ በአንድ ሳጥን አይሁን። ልጆች መጠጥ ፍለጋ በየአምስት ደቂቃው ስለሚከፍቱት የምግቡ ይሞቃል። ለመጠጥና ለማብሰያ በሰው በቀን 4 ሊትር ያስቡ። ለአምስት ሰው እስከ ሦስተኛው ቀን 60 ሊትር ይሆናል። የካምፕ ቦታው የሚጠጣ ውሃ ካለው ይህን ሁሉ መሸከም አይጠበቅብዎትም። ውሃውን በአንድ ትልቅ ዕቃ ሳይሆን በሦስት አራት ጄሪካን ይክፈሉት። አንዱ ቢደፋ ሁሉም አያልቅም።

ምድጃና ከሰል ድንኳን ውስጥ በፍጹም አይግባ፤ ዝናብም ቢመጣ፣ ብርድም ቢሆን። ከእነሱ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። አሸዋ ላይ ያነደዱትን እሳት ደግሞ በአሸዋ አይድፈኑት። ላዩ የጠፋ ይመስላል፣ ሥሩ ፍሙ ለሰዓታት ይቆያል። ጠዋት ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ ይረግጠዋል። ውሃ ያፍሱበት፣ ያማስሉት፣ እንደገና ያፍሱበት፤ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ድረስ።

አሁን ወደ ዕቃው። ድንኳን፣ መኝታና ማብሰያ ስላላችሁ የሚጨመረውን ብቻ ልንገርዎት። የአሸዋ ካስማ ወይም ከረጢቶች፣ ትንሽ አካፋ፣ ተጨማሪ ገመድ፣ የሸራ ጥላ፣ ሦስት ላይፍ ጃኬት፣ ሁለት ፊሽካ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የግንባር መብራት፣ ወረንጦ ያለበት የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን። ለድንኳኑ በር አንድ ምንጣፍና አንድ ባልዲ ውሃ፤ እግሩን ሳይነክር የሚገባ አይኑር። እርጥብ አሸዋ የያዘው ቆዳ ላይ የሕፃናት ፓውደር ነስንሰው ቢጠርጉት ይረግፋል። ለ2 ዓመቱ ካሰቡት በላይ ዳይፐር ይያዙ፤ እርጥብና አሸዋ የነካው ዳይፐር ቶሎ ያቆስላል። ልብስ ባህር ዳርቻ ላይ በቀላሉ አይደርቅም፤ የማታ ልብሳቸው በላስቲክ ተጠቅልሎ ለብቻው ይቀመጥ፣ ከመኝታ በፊት አይነካ። ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው፤ ብርዱም ከሥር ይመጣል፤ ስለዚህ ከላይ ከሚደርቡት ብርድ ልብስ ይልቅ ከታች የሚያነጥፉት ይወፍር።

ሌሊት የ2 ዓመቱ በሁለታችሁ መሃል ይተኛ። የድንኳኑ ዚፕ ሁለት መጎተቻ ካለው ሁለቱን ከላይ አገናኝተው በትንሽ ማያያዣ ይዝጉት፤ እርስዎ በቀላሉ የሚፈቱት፣ እሱ የማይደርስበት።

መቼ ነው የሚሰረዘው? የማዕበል ወይም የኃይለኛ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ከወጣ ከቤት አይውጡ። እዚያ ሳላችሁ ነጎድጓድ ከሰሙ ሁሉም ከውሃ ይውጣ። ድንኳን ከመብረቅ አያድንም። መኪና ወይም ቤት ውስጥ ይግቡና የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። መሬት በኃይል ከተንቀጠቀጠ ወይም ባህሩ ያለ ሰዓቱ ድንገት ከሸሸ ዕቃ አይሰብስቡ፤ ልጆቹን ይዘው ወደ ከፍታ ይሩጡ፤ ሱናሚ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004 በታይላንድ ፉኬት ደሴት አንዲት የ10 ዓመት እንግሊዛዊት ልጅ የባህሩን ያልተለመደ ሁኔታ አይታ፣ በትምህርት ቤት የተማረችው መሆኑን ለወላጆቿ ነግራ፣ ዳርቻው ላይ የነበሩ ሰዎች በጊዜ ሸሽተው ተርፈዋል። የ9 ዓመት ልጅዎ ለዚህ አያንስም፤ ይንገሩት።

ለመመለሻው ቀን ጠዋት በጊዜ ተነስተው ነፋሱ ሳይነሳ ድንኳኑን ያፍርሱ። የቀበሩትን ከረጢት ሁሉ ቆጥረው ያውጡ፣ ጉድጓዶቹን ይሙሉ። ቤት ሲደርሱ፣ ቢደክምዎትም፣ ዚፖቹን፣ ምሰሶዎቹንና ካስማዎቹን በዚያው ቀን በንጹሕ ውሃ ይጠቡ። ጨው ዚፕን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያደርቀዋል፣ ብረትን ይበላል። ድንኳኑን ጥላ ላይ ዘርግተው ስፌቱ ድረስ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ እርጥቡን ከተጠቀለለ ይሻግታል።